ለልብ የሚከፍሉ፣ ለአእምሮ የሚከራከሩ

ስልኩን የዘጋሁት አሁን ነው፤ ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። የልጄን ነገር የምታውቁ ታውቃላችሁና ከመጀመሪያው አልተርክም። እዚህ አሜሪካ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ተኝታለች፤ ሐኪሟ ተኝታ መታከሟ እንዲቀጥል አዝዞ ሳለ ኢንሹራንሱ ከዚህ በላይ አልከፍልም ብሏል።

ምክንያቱን ጠየቅሁ። «ልጅዎ ራሷን የመጉዳት ሐሳብ እንደሌላት ለነርሷ ተናግራለች፤ ስለዚህ ቆይታዋ በሕክምና ረገድ አስፈላጊ አይደለም» አለችኝ ስልኩን ያነሳችው ሴት። መድኃኒቱ ገና መሥራት ስለ ጀመረ ነው እኮ አልኳት። «ይገባኛል፤ መመሪያው ግን ይኸው ነው።» መመሪያውን ላኩልኝ ስላት ደግሞ «የውስጥ ሰነድ ነው» ብላ መለሰችልኝ። ለአእምሮ ሕክምና ከአካል ሕክምና የጠበቀ ገደብ እንዳያደርጉ የሚከለክለው እ.ኤ.አ. የ2008ቱ ሕግ ግን ሕክምና «አስፈላጊ ነው» ወይም «አይደለም» የሚሉበትን መስፈርት ለጠየቀ አባል እንዲሰጡ ያስገድዳቸዋል! ይህንኑ ስነግራት ጥቂት ዝም አለችና «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» አለችኝ። የረዳችኝ ነገር ያለ ይመስል!

ባለቤቴ የልብ ቀዶ ሕክምና ሲያደርግ የከፈለው ይኸው ኢንሹራንስ ነው። ያን ጊዜ ደረትህን ዛሬ ካላመመህ ከአልጋህ ውረድ ያለው ሰው አልነበረም። ልጄ ግን ተሻለኝ ማለቷ እንደ ጥፋት ተቆጠረባት፤ «እማዬ፣ ብሶብኛል ብላቸው ይሻል ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ታማሚ እንዲዋሽ የሚያስተምር አሠራር ሕክምና ሊባል አይገባውም።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ ኢንሹራንሶች ለአእምሮ ሕክምና ያነሰ የገንዘብ ጣሪያ እንዳያስቀምጡ ሲከለክላቸው፣ የሐኪም ቀጠሮንና የሆስፒታል ቀናትን ቁጥር መገደብ ያዙ። በ2008 ደግሞ በሴናተር ፖል ዌልስተንና በሴናተር ፒት ዶሜኒቺ ስም የተሰየመው ሕግ ያንንም በር ዘጋባቸው። ዌልስተን ወንድሙ፣ ዶሜኒቺም ልጁ በአእምሮ ሕመም ሲሠቃዩ ያዩ ሰዎች ነበሩና ነገሩ ገብቷቸዋል። ዛሬ ታዲያ በቁጥር የማይገለጽ ገደብ መጣ፤ ቅድመ ፈቃድ (ከመታከም በፊት የኢንሹራንሱን ይሁንታ መጠበቅ)፣ «አስፈላጊ አይደለም»፣ በስም ብቻ ያለ የሐኪሞች ዝርዝር።

ስለ ዝርዝሩ ካነሳሁ አይቀር፣ ልጄ ገና ሳይብስባት ቴራፒስት ስፈልግላት አንደኛው ጡረታ ወጥቷል፣ ሌላዋ አዲስ ታካሚ አትቀበልም፣ በሌላው ቁጥር የሚመልሰው የጥርስ ክሊኒክ ነው። ያን ጊዜ ሐኪም ተገኝቶላት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሆስፒታል ላትገባ ትችል ነበር፤ ይህን ማን ይመልስልኛል?

ከ2021 ጀምሮ ኢንሹራንሶች እነዚህ በቁጥር የማይገለጹ ገደቦች ለአካልም ለአእምሮም እኩል መሆናቸውን በጽሑፍ አነጻጽረው እንዲያሳዩ ታዝዘዋል። በ2024 የወጣው ደንብ ይህን ሊያጠብቀው ነበር፤ በ2025 ግን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶቹ በደንቡ የተጨመሩትን ግዴታዎች ለጊዜው እንደማያስፈጽሙ አስታወቁ። ሕጉ ራሱ አልተሻረም፤ እንዲከበር የመጮኹ ሸክም ግን ሆስፒታል ደጃፍ ላይ በቆመ ቤተሰብ ጫንቃ ላይ ወድቋል። በጣም ደክሞኛል።

የአስቸኳይ ይግባኙን ዛሬ ማታ አስገባለሁ፤ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። ከኢንሹራንሱ ውጭ የሆነ ገለልተኛ ገምጋሚ ውሳኔም አብሬ እጠይቃለሁ። መስፈርቱን የከለከሉኝን ደግሞ ለፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እጽፋለሁ፤ የዚያችን ሴት መልስ አንድም ቃል ሳልቀንስ።