ማስተካከያ፦ ቶንሲል ወጣ ማለት ሁሉም አበቃ ማለት አይደለም

ስለሚያንኮራፉ ልጆች ቀደም ሲል ባወጣነው ጽሑፍ «ቶንሲሉ ከወጣ ችግሩ አለቀ፤ የመጀመሪያው ቀን ካለፈም ደም አያሰጋም» ተብሎ ነበር። ሁለቱም ይታረሙ።

ልጆች ተኝተው ትንፋሻቸው የሚቆራረጠው በአብዛኛው ቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው አዴኖይድ ሲያብጡ ነው። ቀዶ ሕክምናው ብዙዎቹን ይረዳል። ውፍረት ያለው ልጅ ላይ ግን ችግሩ ሊቀር ይችላል። ለአዋቂ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው በጭምብል አየር የሚገፋው ሲፓፕ ነው።

ደሙ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ቁስሉን የሸፈነው ነጭ ቅርፊት ሲላቀቅ፣ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜም ሊደማ ይችላል። ከመንዝ ደብረ ብርሃን መጥታችሁ ካሳከማችሁ፣ ቶሎ ወደ ቤት ከመመለሳችሁ በፊት ይህን አስቡበት። ልጁ ትኩስ ደም ከተፋ፣ ወይም ተኝቶ ቶሎ ቶሎ ከዋጠ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። ኮዴይን ያለበት ማስታገሻም አይሰጠው፤ ትንፋሽ ስለሚያዳክም የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 እ.ኤ.አ. ለዚህ እንዳይሰጥ አግዷል።

«እንጥሉን ብናስቆርጠውስ?» ላላችሁን፦ ኧረ በጭራሽ! እንጥልና ቶንሲል ለየቅል ናቸው። በምላጭ መቁረጥ ለደም መፍሰስና ለቴታነስ ያጋልጣል እንጂ ያበጠውን ቶንሲል አይነካውም።