ስለ ዝምታችን ምስጋና ይገባናል

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ባለው ዲኤስቲቪ ቤት የሚሰበሰበው የሰፈራችን ሕዝብ ያሳየውን ጨዋነት እስካሁን የመሰከረለት ሰው አለመኖሩ ያሳዝነኛል። በ2016 ክረምት የፓሪስ ኦሊምፒክ ሲካሄድ ወንበር ጠፍቶ በቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጠን፣ አሰልጣኙን ሽረን፣ ፌዴሬሽኑን ረግመን፣ ሯጩ በየትኛው ዙር ማፈትለክ እንደነበረበት እርስ በርስ ስንማማር ከረምን። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ በዚያው ከተማ የአካል ጉዳተኞች ውድድር የሆነው ፓራሊምፒክ ሲጀመር ግን፣ አትሌቶቻችንን በጩኸት እንዳንረብሽ ተጠንቅቀን ይመስለኛል፣ ቻናሉ ይቀየርልን ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ ቤቱም የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ድጋሚ ስርጭት ሲያሳይ ሰነበተ።

በዚህ ምቹ ጸጥታ ውስጥ ያየሽ ጌቴ በዓይነ ስውራን ምድብ የ1,500 ሜትር ውድድርን የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ አሸነፈች። ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ ለአገሯ የመጀመሪያ የሆነውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ባመጣችበት በዚያው ርቀት ሁለተኛ ወርቋን ጨመረች፤ ይታያል ስለሺም ብር አገኘ። የኦሊምፒክ ቡድናችን ከፓሪስ የተመለሰው በታምራት ቶላ አንድ ወርቅና በሦስት ብር ነበር። እንግዲህ «አንድ ወርቅ ብቻ!» እያልን ነሐሴን ሙሉ ለቅሶ ስንቀመጥ፣ ሁለት ወርቅ ሲመጣ የበግ ዋጋ እያጣራን ነበር። የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነውና ማን ይፈርድብናል?

ይህ ጨዋነት ትናንት የመጣ አይደለም። አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ መሮጡን የሰፈራችን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። በ1961 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ አልታዘዝ ካሉት በኋላ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስት መወዳደሩን፣ ቀጥሎም ኖርዌይ ውስጥ በውሻ በሚጎተት መንሸራተቻ በበረዶ ላይ ተወዳድሮ ማሸነፉን የሚያነሳ አይገኝም። ከአንድ ጀግና የሚመቸንን ግማሽ ወስደን የቀረውን በክብር መተዋችን ቁጥብነታችንን ያሳያል።

ደግሞም ዝምታችን ርኅራኄ ከማጣት የመጣ እንዳይመስላችሁ። በዓይነ ስውራን ሩጫ መሪው ከአትሌቱ ጋር በአጭር ገመድ ይያያዛል እንጂ እንዲጎትት አይፈቀድለትም፤ የመጨረሻውን መስመርም ቀድሞ ማለፍ አይችልም። ምን ዓይነት ስስታም ሕግ ነው! የእኛ ሰፈር መሪዎች እንዲህ ያለ ገደብ አያውቁም። በቅርቡ ታክሲ ተራው ላይ ነጭ በትር የያዘች ወጣት ተሰልፋ ስትጠብቅ አንድ ደግ ሰውዬ «አይዞሽ እህቴ» ብሎ ክንዷን ለቀም አደረገና፣ ወዴት ነሽ ሳይላት፣ መኪናውን ሁሉ በእጁ እያስቆመ አስፋልቱን አሻገራት። እዚያ ማዶ መዳፏ ላይ 10 ብር አስቀምጦ ፈጣሪ እንዲምራት ጸለየላት። ታክሲዋ እስክትመለስ አልጠበቃትም። እሱም በሥራው ረክቶ ወደ ዲኤስቲቪ ቤቱ ገባ፣ ጨዋታው ተጀምሮበት ነበርና። ተሻጋሪዋ ብሩን ይዛ መልሶ የሚያሻግራት ሰው ስትጠይቅ ሁለት ሰዎች ሌላ ሳንቲም ሰጧት።

ከፓሪስ መልስ አንድ ጎረቤቴ ስለ ሜዳሊያዎቹ ስነግረው ከንፈሩን መጠጠና «ምስኪን፣ እንዲህ ሆነውም ይሮጣሉ!» አለ። ሰዓታቸውን አልጠየቀኝም፤ ለኦሊምፒክ ሯጭ ግን የሰከንድ ሽራፊ ሳይቀር የሚያሰላ ሰው ነው። ከሰባተኛ ፎቅ ያለ አሳንሰር ሲወርድ ጉልበቱን እያሻሸ «እኛማ ተሸነፍን» የሚለውም እሱ ነው።

ቀጣዩ ፓራሊምፒክ ነሐሴ 2020 በሎስ አንጀለስ ይካሄዳል። የሰፈራችን ሰው ዝግጅቱን ከወዲሁ መጀመሩን በኩራት እገልጻለሁ፤ እዚያ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን እዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስለሆነ፣ በዚህኛው ጊዜ የምንተኛበት በቂ ምክንያት አግኝተናል።