ክብር ለሚገባው ቦርጭ

ባለፈው እሑድ የዘመድ ልጅ ክርስትና ተጠርቼ ስሄድ ሁለት ሰዎች ተከታትለው ሲገቡ ደረስኩ። አንደኛው ሐኪም ከመከረው ወዲህ ጧት ጧት በእግሩ እየሄደ፣ ለስላሳ መጠጥ እርም ብሎ፣ በስምንት ወር ውስጥ ቀበቶውን ሁለት ቀዳዳ ያጠበበ ወዳጄ ነው፤ ሁለተኛው ቦርጩን አስቀድሞ ራሱ ከኋላ የሚከተል የተከበረ እንግዳ ነው። ወዳጄን የተቀበሉት እንደ ለቀስተኛ ነበር፤ አክስቶቼ «ውይ! ምን አገኘህ? አመመህ እንዴ?» እያሉ ከንፈራቸውን መጠጡለት። ባለ ቦርጩን ግን «ተመችቶሃል! አምሮብሃል!» ብለው ሰፊውን ሶፋ ለቀቁለት። እኔም ወግ አክባሪ ነኝና ይህን ልማድ ሳላመሰግን ብቀር ደግ አይሆንም።

የቦርጭ ጥቅም ተነግሮ አያልቅም። እንግዳችን ጠረጴዛ አላስፈለገውም፤ ሳህኑን ቦርጩ ላይ አሳርፎ፣ ስልኩን ከሳህኑ ጎን አጋድሞ፣ በተረፈው ቦታ የለስላሳውን ጠርሙስ ሲያቆም አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ወጡ ቢንጠባጠብ እንኳ ወለል አይደርስም፣ መንገድ ላይ የሚቀበለው አለ። የክርስትናው ሕፃን አልቅሶ አልቅሶ እምቢ ሲል አምጥተው እዚያው አስተኙት፤ ቦርጩም በየትንፋሹ ከፍ ዝቅ እያደረገ እሹሩሩ አለው። የሸሚዙ አራተኛ ቁልፍ በብርቱ ጦርነት ምሽግ የሚጠብቅ ወታደር ይመስል ነበር፤ እጁን የሰጠ እንደሆነ የፊት ለፊቱን ሰው ዓይን እንደሚያገኝ ስለገባኝ ወንበሬን ወደ ጎን ሸሸት አደረግሁ። ሽማግሌ ሲገባ እርሱ ከሶፋው ባይነሳም ቦርጩ ስለተነቃነቀ እንደ ተነሳ ተቆጠረለት። የጫማውን ጫፍ ካየ ስንት ዓመት እንደሆነው መጠየቅ ነውር ስለሆነ አልጠየቅሁም። የዓለም ጤና ድርጅት የወገብ ዙሪያ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የበሽታ አደጋ ይጨምራል ይላል፤ ድርጅቱ ክርስትና ቤት ተጠርቶ ስለማያውቅ አይፈረድበትም።

ከዚህም የሚደንቀው የውስጥ ሥራው ነው። በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የተከማቸ ስብ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ ሕዋሳት የኢንሱሊንን ትእዛዝ እንዳይሰሙ ያደነቁራቸዋል። ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ሥራው በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሕዋሳት ማስገባት፣ ጉበትንም «ስኳር ማምረቱን ተው» ማለት ነበር። ሕዋሳቱ አልሰማ ሲሉት ግን ፋይሉ እንደጠፋበት ባለጉዳይ ደጅ ይጠናል፤ «ነገ ተመለስ» ይባላል። ቆሽትም አንዱ መልእክተኛ ባልተሰማበት ብዙ ይልካል፤ በዚህ ትጋቱ ምክንያት በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳር ለዓመታት ደህና መስሎ ስለሚታይ ሰውየው «ተመርምሬያለሁ፣ ምንም የለብኝም» እያለ ይጋበዛል። አንዳንዱ የዚሁ አልሰማ ባይነት ምልክት ሊሆን የሚችለውን፣ አንገቱ ዙሪያ የወጣውን ከፋይ ጨርቅ የመሰለ ጥቁረት ፀሐይ ነው እያለ በሎሚ ይፈትገዋል። ሰው ሲያበሳጨን «ቆሽቴ አረረ» ማለት የምናውቅ እኛ፣ ቆሽት የምር ሲያርር ግን «ተመችቶሃል» እንላለን።

የጋባዦቻችንም ቸርነት አይረሳ። ወዳጄ ውኃ ሲጠይቅ «ውኃማ ቤትህም አለ» ተባለ፤ «በሞቴ!» ተባለ፤ የማይቀረው «አንድ ቀን አይገድልም»ም ተከተለ። አንድ የለስላሳ ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ ከ30 ግራም ያላነሰ፣ ማለትም ከሰባት የሻይ ማንኪያ በላይ ስኳር ይይዛል፤ እንዲህ ያለው ስኳር ለቀኑ ሙሉ ከ25 ግራም በታች ቢሆን ይመረጣል። ያቺ «አንድ ቀን» ደግሞ እሑድ ክርስትና፣ ማክሰኞ ማኅበር፣ ቅዳሜ ሠርግ ሆና ትመላለሳለች።

የስኳር ቁስል ይዞት እግሩን የተቆረጠ ዘመድ ያስታመመ ሰው በዚህ አይስቅም። የኢንሱሊን አልሰማ ባይነት የስኳር በሽታ መንደርደሪያ ብቻ አይደለም፤ ከደም ግፊት፣ ከጉበት ስብ፣ ከልብ ድካምና ከስትሮክ ጋር የሚሄድ፣ በብዙ ሴቶችም የወር አበባን ከሚያዛቡት ነገሮች አንዱ ነው። መመለሻ መንገድም አለው። በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት፣ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲጥሩ፣ በበሽታው የመያዛቸው ዕድል በ58 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ወዳጄ ያደረገው ይህንኑ ነው። የስምንት ወር ልፋቱን በአንድ ከሰዓት የከንፈር መጠጣ ታፈርሱበት ዘንድ ማን ፈቀደላችሁ?

ወዳጄ በመጨረሻ ሰልችቶት ጠርሙሱን ተቀበለና አክስቶቼ እልል አሉ። ፊታቸውን ሲያዞሩ ወደ ሶፋው አቀበለ፤ ባለ ቦርጩም ሕፃኑን ትንሽ ጠጋ አድርጎ ሁለተኛውን ጠርሙስ ከመጀመሪያው ጎን አቆመው።