ለቀብራችን በየወሩ፣ ለሕክምናችን በዓመት አንዴ

የዕድራችን ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥሁት የእጅ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ነው፤ ሌላ ችሎታ የለኝም። በየወሩ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ጎንደር፣ አዘዞ ውስጥ ከዕድሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ስም እየጠራሁ መዋጮ እቀበላለሁ። ያሳለፈ ይቀጣል። ደጋግሞ ያሳለፈውን ግን ዳኛው ራሳቸው ቤቱ ሄደው ምን እንደገጠመው ያያሉ፤ እውነትም ከተቸገረ መዝገቡ ላይ ትንሽ ምልክት ይደረግለትና ዝም ይባላል። ምልክቷን የምናውቃት ሦስት ሰዎች ብቻ ነን።

በዚሁ መዝገብ ላይ ጠላ ጠምቀው የሚተዳደሩ አንዲት እናት አሉ። እኔ ጸሐፊ ከሆንሁ ወዲህ አንድም ወር አላጓደሉም። ደም ግፊት አለባቸው፤ የጤና መድን ካርዳቸው ግን አምና ሳይታደስ ቀረ። ምነው ብላቸው፣ «የዓመቱን ባንድ ጊዜ ክፈይ ይሉኛል፤ ያውም በጥር። እህል የሚገባበት ወር ነው አሉ። እኔ ምን አጨድሁና?» አሉኝ።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን፣ ማለትም ደመወዝተኛ ያልሆነ ቤተሰብ በዓመት አዋጥቶ የሚታከምበት አሠራር፣ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ ጎረቤታችን ፎገራ ነበረች። ለፎገራ ገበሬ አሠራሩ ልክ ነው። ሩዙን ወቅቶ ሲሸጥ ብር እጁ ይገባል፤ ያኔ የዓመቱን ከፍሎ ቤተሰቡን ያስመዘግባል። ይኸው አሠራር ግን ብዙም ሳይለወጥ ከተማ ገባ። ባለባጃጁ፣ የቀን ሠራተኛዋ፣ ፋሲል ግቢ በር ላይ የማይመጣ እንግዳ ሲጠብቅ የሚውለው አስጎብኚ መኸር የላቸውም። ዛሬ ያገኟት ዛሬ ታልቃለች። በገበሬው ቁመት ለክተን ሰፍተን የከተማውን ድሃ «ለምን አልለበስህም?» እንለዋለን።

ሐሳቤ አጭር ነው። በከተማ የመድን መዋጮው ለ12 ወር ተከፋፍሎ ከዕድር ክፍያ ጋር ይሰብሰብ። ዕድሩ በቤተሰቡ ስም ለመድኑ ጽሕፈት ቤት ያስገባ፣ ደረሰኝ ይቀበል። የአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በግጭት ውስጥ ነው፤ ትምህርት ቤትና ጤና ተቋም ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ በጀት የለም ቢባል አልከራከርም። ይህ ግን የሚጠይቀው ደረሰኝና መተማመን ነው። የዕድር ዳኛ ገንዘብ ቢያጎድል የሚጠይቀው ኦዲተር ብቻ አይደለም፤ ለቅሶ ቤት ፊቱን የሚያሳይበት ያጣል።

ከዚህም የሚብሰው የድሆች ዝርዝር ነው። መክፈል ለማይችሉ ክልሉና የከተማ አስተዳደሩ ይከፍሉላቸዋል፤ ደግ ሥራ ነው። ማን እንደማይችል የሚለየው ቀበሌ ነው፤ ስንት ሰው እንደሚገባ የሚወስነው ደግሞ በጀቱ ነው። በመካከል ቀበሌ መመላለስ የሚችል፣ ሰው የሚያውቅ ሰው ይገባል። አልጋ ላይ የዋለ አይገባም። የእኛን ምልክት የተደረገባቸውን ስሞች ማንም ጠይቆን አያውቅም። በእርግጥ ከድሃም ድሃው ዕድር የለውም፤ ተፈናቅሎ የመጣው፣ ትናንት የተከራየው እኛ መዝገብ ላይ አይገኝም። እሱን ቀበሌው ፈልጎ ያግኘው፤ ሌላውን እኛ እናሳየው።

የእኒያ እናት ነገር በጤና ብቻ አላበቃም። ሲታመሙ ጠላውን የሸጠችው ልጃቸው ናት፤ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት። ትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ «ቀሪ» ተባለች። በጤናው በኩል እናትየው «ያላደሰች» ናቸው። ሁለቱ ቃላት አንድ ቤት ውስጥ እንደሚያድሩ የትኛው መሥሪያ ቤት ያውቃል? ልጅቷን የምታስተምረዋ መምህርትስ? እሷ ደመወዝተኛ ስለሆነች ይህ መድን አይመለከታትም። የእሷው ዓይነት ሠራተኛ ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው ሌላ 3 በመቶ ከፍለው እንዲታከም የታሰበበት አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ በኋላ ትግበራው ለዓመታት ሲንከባለል ኖረ። እሷም ስትታመም ከኪሷ ናት።

አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። በየወሩ ልሰብስብ ብል የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ መድኃኒት ይሆናል። ካርድ ይዞ ሄዶ «ይህ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ተብሎ ማዘዣ ብቻ ይዞ የተመለሰ ሰው መንደራችን ውስጥ ሞልቷል። ዕድር ለቅሶ ቤት ድንኳን ሳይተክል ቀርቶ መዋጮ አምጡ ቢል በማግስቱ ይፈርሳል። መድኑም መደርደሪያው ባዶ ከሆነ ማንም ዳኛ ስሙን ሊያስይዝለት አይገባም፤ እኔም አላስይዝም።

ይህች ከተማ ግን ለነገሩ እንግዳ አይደለችም። ጎረቤታችንን ደንቢያን የወባ ወረርሽኝ በፈጀው ማግስት፣ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅ ሲከፈት የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው አብረው ተምረው አብረው ገጠር ይወርዱ ነበር። በሽተኛው እስኪመጣ አልጠበቁም።

የእኔ መዝገብ ላይ ከስሞቹ ጎን አንድ ዓምድ ባዶ ነው። ለድንኳን ኪራይ ያሰመርሁት ነበር፤ ድንኳን ከገዛን ወዲህ የሚጻፍበት የለም።