በመረሬ መሬት ለድርቅ መዘጋጀት የሚጀምረው ከማጠንፈፍ ነው

ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ግብርና በተወራ ቁጥር ቀድሞ የሚነሳው ድርቅ ነው። ከሰበታ ወደ በቾ፣ ከአቃቂ ወደ ዱከምና ቢሾፍቱ የተዘረጋው፣ መረሬ የሚባለው ጥቁር የሸክላ መሬት ግን ክረምት ላይ የሚጎዳው ውሃ አጥቶ ሳይሆን ውሃ ተኝቶበት ነው። ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር አየር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት ሊሸከም ይችላል። ስለዚህ ዝናቡ ዶፍ ሆኖ የመውረድ ዕድሉ ይሰፋል፣ ዝናብ ሲቋረጥ ደግሞ አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። በእኔ እምነት በእነዚህ ወረዳዎች ድርቅ የሚቋቋም ዘር ከማከፋፈል በፊት መሬቱን ማጠንፈፍ፣ ማለትም የተኛበትን ውሃ ማስወጣት፣ ይቀድማል።

ምክንያቱ የዘር ወቅት ነው። መረሬ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ ሲርስ ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ ውሃ የሚሰርገው እጅግ በዝግታ ነው። ሥሩ አየር ሲያጣ ስንዴው ቢጫ ይሆናል። ቢጫውን አይቶ ዩሪያ መጨመር የተለመደ ነው፤ ውሃ በተኛበት አፈር ግን ከናይትሮጅኑ ከፊሉ ጋዝ ሆኖ ያመልጣል። ከጋዞቹ አንዱ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ እሱም ምድርን ከሚያሞቁት ይመደባል። በዛሬ የማዳበሪያ ዋጋ ይህን ማድረግ እጥፍ ኪሳራ ነው።

ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ዘሩን ያዘገያል። ውሃ የሚችለው ጤፍ ወደ ሐምሌ መጨረሻ ይዘራል፤ ሽምብራና ጓያ ደግሞ ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም። ዝናቡ ልማዱን ሲጠብቅ ብልህ አሠራር ነበር። መስከረም ሳይጋመስ ድንገት ሲቆም ግን የዘገየው ሰብል ፍሬ የሚሞላው አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ ነው። መሬቱ ከተጠነፈፈ ዘሩን በሳምንታት ማስቀደም ይቻላል፤ ከድርቁ የሚያስመልጡት እነዚያ ሳምንታት ናቸው።

መሣሪያው አዲስ አይደለም። ቢቢኤም የሚባለው መደብ ማውጫ ከባህላዊው ማረሻ ተሻሽሎ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራና በአንድ ጥማድ በሬ የሚጎተት ነው፤ በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ ደግሞ ገበሬው መደቡን በእጁ ሲሠራ ኖሯል። ቢቢኤም 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ከፍ ያለ መደብና ውሃ የሚወርድበት 40 ሴንቲ ሜትር ቦይ ያወጣል። ዘርና ማዳበሪያ ቀድሞ ይበተናል፣ መሣሪያው መደቡን ሲያወጣ አፈር ያለብሰዋል። ሥራው የሚያመቸው በሰኔ መጨረሻ፣ አፈሩ ረጥቦ ገና ሳይጨቀይ ነው። ከደረቀ ጓል ይሆናል፤ ከጨቀየ ብረቱ ላይ ይጣበቅና በሬዎቹን ያደክማል። ቶሎ የሚደርስ ስንዴ በዚህ ጊዜ ተዘርቶ በጥቅምት ከተነሳ፣ እርጥበቱ ከታች ካለ ሽምብራ ሊከተል ይችላል። እርጥበቱ ከላይ ብቻ ከሆነ ግን ዘሩን ማባከን ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን መደቡ ሳይሆን የውሃው መውጫ ነው። ቦዩ ሜዳ ከሆነ ውሃው ይተኛል፤ ቁልቁል ከበዛበት አፈሩን ይጠርጋል። መውጫ ከሌለው ደግሞ የጎረቤት ማሳ ላይ ይፈስና ጠብ ይነሳል፣ ከዓመታት በኋላም ቦረቦር ይሆናል። ስለዚህ አንድ ገበሬ ብቻውን የሚሠራው አይደለም፤ አጎራባች ማሳዎች ሁሉ የሚያፈሱበት፣ ሣር የለበሰ የጋራ ቦይ ያስፈልጋል። በከተማው ዳር ችግሩ ይብሳል። ከአዲሱ አስፋልትና ከቆርቆሮው ጣሪያ የወረደው ጎርፍ በመንገዱ ቱቦ አልፎ በቀጥታ ማሳ ላይ ይለቀቃል። መንገድ የሚሠራ ሁሉ ከቱቦው አፍ እስከ ወንዙ ያለውን ቦይ ጨምሮ የመሥራት ግዴታ ሊኖርበት ይገባል፤ እስካሁን ግን ዕዳው የገበሬው ነው።

ከጋራ ቦዩ ጫፍ ላይ ኩሬ ቢቆፈር የሐምሌው ትርፍ ውሃ ለመስከረም ይደርሳል። በ1 ሄክታር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ሩብ ሄክታር ጤፍን አንድ ጊዜ 40 ሚሊ ሜትር ለማጠጣት 100 ሜትር ኩብ ይበቃል፤ በትነት የሚሄደው ሲታሰብ ኩሬው ከዚህ ሰፋ ማለት አለበት። የመረሬ ኩሬ ዳሩ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ውሃ ሊያሾልክ ይችላል፤ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ንጣፍ) ቢነጠፍበት ይሻላል።

ቀድሞ መዝራት አረምም ያበዛል፤ በክረምት ደጋግሞ ማረስ አረሙን ይገድል ነበር፣ አሁን ያ የለም። ከተዘራ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት የሚያርም ጉልበት ሳያዘጋጁ መጀመር አይገባም። ልቅ ግጦሽም አለ፦ የመጀመሪያው ሰብል እንደተነሳ ከብት በሚለቀቅበት ቀበሌ ሁለተኛ ሰብል መዝራት ዘር መጣል ስለሆነ፣ የመልቀቂያው ቀን ከዘር ወቅት በፊት በስብሰባ መወሰን አለበት።