ክረምቱ ተቀይሯል፣ እኛ ግን ያው ነን

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ሊያስከፋችሁ ይችላል። ቅር ይበላችሁ፣ ግድ የለም። ከቅሬታ የባሰ ነገር ደጃችን ላይ ቆሞ ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት" እየተባልን ነው ያደግነው። አያቶቻችን ይህን ያሉት ዓመት ከዓመት ሰማዩን አይተው፣ ቆጥረው ነው። ገበሬው መቼ እንደሚዘራና መቼ እንደሚያጭድ በዚህ ነበር የሚያውቀው። አሁን ሄዳችሁ ጠይቁት። በልጉ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቀራል። ክረምቱ ዘግይቶ ይገባና የወር ዝናብ በጥቂት ቀን ያወርደዋል። ጤፉ ታጭዶ ማሳ ላይ እያለ በኅዳር ዝናብ ይመጣበታል፣ ዓመት ሙሉ የለፋበት እህል ዓይኑ እያየ ይበሰብሳል። ቡሄ አለፈ ብሎ ተማምኖ መተኛት ዛሬ አይቻልም።

ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ከፋብሪካው፣ ከመኪናው፣ ከድንጋይ ከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ከላይ ተከማችቶ ሙቀቱን አላስወጣ ብሏል። በፈረንጆቹ 2024 መለካት ከተጀመረ ወዲህ ካየናቸው ዓመታት ሁሉ ሞቃቱ ነበር፤ ፋብሪካ ዓለምን ሳይሞላ ከነበረው ጊዜ በ1.5 ዲግሪ ገደማ በልጧል። "አንድ ዲግሪ ተኩል ምን አላት?" የሚል አይጠፋም። እንግዲህ ስሙኝ። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው እንፋሎት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የሞቀ አየር ከአፈሩ፣ ከሐይቁ፣ ከሳሩ እርጥበቱን መጦ ይወስዳል፣ ማውረድ ሲጀምር ደግሞ ባንዴ ይደፋዋል። ድርቅና ጎርፍ የተለያዩ ይመስሉናል እንጂ ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው።

ቦረናን አስታውሱ። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ከብቱ አለቀ። ከብት ለቦረና ሰው ባንኩም፣ ጥሎሹም፣ ክብሩም ነው፤ ያ ሁሉ ሜዳ ላይ አጥንት ሆኖ ቀረ። ነገሩን ያጠኑ የዓለም አቀፍ ቡድን ሳይንቲስቶች ያን የመሰለ ድርቅ የመከሰት ዕድሉ በዓለም ሙቀት የተነሳ ቢያንስ በ100 እጥፍ ጨምሯል ብለዋል፤ ዝናቡ ማነሱ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱ የተረፈችውን እርጥበት ከመሬት መጥጦ መውሰዱ ነው ጉዱን ያመጣው። ከዚያስ? በ2016 ኅዳር፣ ድርቁ ገና ካደቀቀው ከሶማሌ ክልል፣ የሸበሌ ወንዝ ሞልቶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው አፈናቀለ። ትናንት በውሃ ጥም ከብቱን የቀበረ ሰው ዛሬ ቤቱን ውሃ ወሰደው።

ይህን ሁሉ ያመጣነው እኛ አይደለንም፣ አውቃለሁ። የአፍሪካ አህጉር በሙሉ ተደምሮ ነዳጅና ድንጋይ ከሰል አቃጥሎ በዓመት ወደ አየር የሚለቀው የካርቦን ጋዝ የዓለምን 4 በመቶ አይሞላም። ያበላሹት ሊክሱ ይገባል፣ በየስብሰባው ይህን ማለት ተገቢ ነው፣ በፈረንጆቹ 2027 ትልቁ የአየር ንብረት ጉባኤ ኮፕ 32 አዲስ አበባ ሲመጣም ጮክ ብለን እንል ዘንድ እመኛለሁ። ግን ወገኖቼ፣ ይህች "ጥፋቱ የፈረንጅ ነው" የምትል ነገር ደስ እያለችን መጥታለች። መሸሸጊያ አድርገናታል። ዝናቡ ሲወርድ የኛ እጅ የለበትም፤ መሬት ከነካ በኋላ የት እንደሚሄድና ማንን እንደሚያገኝ ግን የኛ ጉዳይ ነው፣ እዚያ ላይ የማንም ፈረንጅ ስም አይነሳም።

ድሬዎች፣ ቁስል ልነካ ነውና ይቅር በሉኝ። ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ይነገድበታል። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም ከላይ ከደንገጎ በኩል ካሉት ተራሮች የወረደው ውሃ ከተማዋን ሲመታ ሰው እንቅልፍ ላይ ነበር። ከ250 በላይ ነፍስ ጠፋ። ሳምንት አለፍ ሲል ደግሞ ኦሞ ሞልቶ ደቡብ ላይ ከ360 በላይ ሰው ወሰደ። በአንድ ክረምት! የደቻቱ ነገር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ጎርፉ ሲመጣ ከተማው ላይ ጠብታ ላይኖር ይችላል፣ ምክንያቱም የዘነበው እላይ ነው። ደረቅ ወንዝም ወንዝ ነው፤ መንገዱን አይረሳም። ከዚያ በኋላ ግንብ ተሠራ፣ ጥሩ ነው። በየከተማችን ግን ሌላ ስንት ደቻቱ አለ? ስንቱ ጠፍ የወንዝ ዳር "ባዶ ቦታ" ተብሎ ተሸንሽኖ ተሸጠ?

ወደ አዲስ አበባ ልምጣ። ግንቦት ላይ ቱቦ ሲጸዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ልጆቹ ጎንበስ ብለው ያንን ጥቁር ደለል በአካፋ ያወጡታል። ፌስታል፣ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ የጫት ገረባ፣ የተቀደደ ጫማ፣ ከግንባታ የተረፈ አሸዋና ድንጋይ፣ ምን የማይወጣ አለ። ከዚያስ የት ይሄዳል? እዚያው ቱቦው አፍ ላይ ይከመራል። የሚጭነው መኪና ነገ ይመጣል ይባላል። ነገ ሳይመጣ ዝናቡ ይመጣና ያ ሁሉ የተለፋበት ደለል ተመልሶ ወደ ቱቦው ይገባል። በዓመቱ ያው ልጆች፣ ያው አካፋ፣ ያው ክምር። የሚያጸዳውን መስሪያ ቤት መውቀስ ቀላል ነው፣ ይወቀስም፣ ክምሩን ጥሎ መሄድ ሥራ አይባልም። ገረባውን ማታ በጨለማ ቱቦ ውስጥ የሚደፋው ግን መስሪያ ቤት አይደለም። እኔና አንተ ነን። አንቺም ነሽ። ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም ጸድቋል፤ እኛ ግን ሽንኩርት ልንገዛ ስንወጣ ዘንቢል ይዞ መሄድ አሁንም እንደ ውርደት ነው የምናየው።

በዚያ ላይ ግቢያችንን ጥግ እስከ ጥግ ሲሚንቶ እናለብሰዋለን። ውሃ የሚሰርግበት አንድ ክንድ አፈር አንተውም። የኛ ግቢ ጸዳ፣ ከኛ በታች ያለው ሰው ግን የኛን ጣራና የኛን ግቢ ውሃ ጨምሮ ይቀበላል። ቁልቁል ያለው ደግሞ ሁልጊዜ ድሃው ነው፣ ወንዝ ዳር ቆርቆሮ መትቶ የሚኖረው። እናቶች ክረምት በገባ ቁጥር ልጆቻቸውን አልጋ ላይ አስተኝተው ራሳቸው ቁጭ ብለው የሚያድሩበት ሰፈር አለ። የኛ ቱቦ ስለተደፈነ ነው የሚያድሩት።

በደቡብ ስላለው የጎፋ ዞን ስናገር ግን ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበር፣ ተዳፋቱ ተናደና ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት ሰማ። እንደ ሀበሻ ወግ ማን ይቀራል? መምህሩ ሮጠ፣ የጤና ባለሙያው ሮጠ፣ የግብርና ባለሙያው ሮጠ፣ የቀበሌው ሹም ሮጠ። አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ እየቆፈረ ሳለ ተራራው ዳግም ተናዶ እነሱንም ጨመራቸው። ከ220 በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የሄዱ። ነፍሳቸውን ይማር። እነሱን የሚወቅስ አንደበት የለኝም። የምወቅሰው ከዚያ በኋላ ያለነውን ነው። አለቀስን፣ ፎቶ ተቀባበልን፣ ገንዘብ አዋጣን። ሁለት ሳምንት ገደማ አልፎ ወላይታ ኪንዶ ዲዳዬ ላይ ሌላ ናዳ ሰው ገደለ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

እስኪ በየተራራው ሥር ያላችሁ፣ ወይም እዚያ ዘመድ ያላችሁ፣ ይህችን ያዙልኝ። ከቤቱ በላይ ባለው መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ ካዘመመ፣ በር ድንገት አልዘጋ ካለ፣ የምንጩ ውሃ ያለወትሮው ከደፈረሰ፣ ተራራው መንቀሳቀስ ጀምሯል። ዝናቡ ሳይብስ፣ ሌሊቱ ሳይመጣ ልጆችን ይዞ መውጣት ነው። ንብረት ይቅር። ናዳ ከወደቀም ሁሉም ባንዴ አይሩጥ፤ ሌላው ሲቆፍር አንድ ሰው እላይ ላዩን የሚያይ፣ ድምፅ የሚያሰማ ይቁም። የመጀመሪያው ናዳ የሁለተኛውን መንገድ ነው የሚከፍተው። ይህን በየዕድሩ፣ በየቤተክርስቲያኑና በየመስጊዱ ብንናገር ምን ይጎድልብናል?

"የፈጣሪ ቁጣ ነው" የምትሉ ወገኖቼም አላችሁ። ምህላውም ዱዓውም ይቀጥል፣ እኔም እጸልያለሁ። ግን ፈጣሪ የሰጠን አእምሮም አለ። የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከባድ ዝናብ ይጠበቃል ሲል "እነሱ ደግሞ መቼ ልክ ብለው ያውቃሉ" ብለን ቻናል እንቀይራለን። ሁልጊዜ ልክ አይሉም፣ እሺ። አሥር ጊዜ ሸሽቶ ዘጠኙን በከንቱ የደከመ ሰው ግን አሥረኛው ላይ ልጆቹን ይዞ ቆሟል።

ስለ ችግኝም አንድ ነገር ልበል። ሐምሌ ላይ ወጥተን እንተክላለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ እሰየው። ጥር ላይ ግን ማን ውሃ ያጠጣዋል? ፍየሉን ማን ይመልሳል? የኮንሶ ሰው ካሜራ ሳይኖር፣ ትውልድ ለትውልድ እየተቀባበለ በድንጋይ እርከን አፈሩን አስቀምጦ ኖሯል፤ ዩኔስኮም በፈረንጆቹ 2011 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። እዚያ ተራራ ላይ ውሃ አይሮጥም፣ ይራመዳል። እዚሁ አገር ያለ እውቀት ነው፣ ከማንም መማር አያስፈልገንም፣ ወገባችንን ማጎንበስ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

በመጨረሻ ለናንተ፣ ከዱባይም ከዋሽንግተንም ከቴል አቪቭም ላብ አንጠፍጥፋችሁ ለቤት መስሪያ የምትልኩ ወንድም እህቶቼ። ደላላው በስልክ "አሪፍ ቦታ ነው፣ ነፋሻ ነው፣ ወንዝ ዳር ነው" ሲላችሁ በጥር የተነሳ ቪዲዮ አትቀበሉ። በነሐሴ ይቅረጽላችሁ። ዘመድ ልካችሁ የሰፈሩን አሮጊቶችና ሽማግሌዎች አስጠይቁ፣ ውሃው በየትኛው ዓመት እስከየት ድረስ እንደወጣ እጃቸውን ዘርግተው ያሳያሉ። ካሳዩበት መስመር በታች ከሆነ፣ ቀብድ ከፍላችሁም ቢሆን፣ ተዉት።