ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ ሁሉንም አያድንም
አሮጌ ፕሮግራም በአዲስ ዊንዶውስ ላይ ስለማስኬድ የወጣው ጽሑፍ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ ላይ አድርጉት፣ ይሠራል» ይላል፤ ማለትም ዊንዶውስ ለፕሮግራሙ አሮጌ ስሪት መስሎ እንዲታይ የሚያደርገው ሴቲንግ። ምክሩ ግን ለሁሉም አይሆንም። እኔ ለዓመታት ሒሳብ የያዝኩበት ፕሮግራም 16 ቢት ነው፣ በዶስና በመጀመሪያዎቹ ዊንዶውሶች ዘመን የነበረው ዓይነት። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ 16 ቢት ፕሮግራም በራሱ ጭራሽ አይከፍትም፣ የፈለጋችሁትን ሴቲንግ ብትነካኩ። 16 ቢት የሚከፍተው ባለ 32 ቢቱ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ግን ባለ 32 ቢት ስሪት እንኳን የለውም። እኔን የገላገለኝ ቨርቹዋል ማሽን ነው፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ሶፍትዌር። ዊንዶውስ ኤክስፒን እዚያ ውስጥ ጫንኩና ኢንተርኔቱን ዘጋሁበት። ለኤክስፒ የሚሰጠው ድጋፍና የደህንነት ማሻሻያ በ2014 እ.ኤ.አ. ስለቆመ ይሄ የግድ ነው። ያስለቀሰኝ ግን ፕሪንተሩ ነው! ፕሮግራሙ ኤልፒቲ ፖርት (የድሮ ፕሪንተር የሚሰካበትን) እንጂ ዩኤስቢ የሚባል አያውቅም። ከላይ ኮሜንት ላይ ፕሮግራም ለማዛወር «ፎልደሩን ኮፒ ማድረግ ይበቃል» ያልከው ወንድሜ፣ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ሬጅስትሪ (ዊንዶውስ የፕሮግራሞችን ሴቲንግ የሚመዘግብበት ቦታ) ውስጥ የሚያስቀምጡት ነገር አለ፤ እሱ በኮፒ አይመጣም። ዳታውን ግን ዛሬውኑ ኮፒ አድርጉ፣ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ሳይሞት።